ሞተሩ የሚያስቸግራችሁ መቼ ነው?

(መግቢያ ሙዚቃ)

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ሞተር ሳይክል ነዳጅ አሰጣጥ ነው። አብዛኛውን ሰዓት የምንቆየው ካርቡራተር ላይ ነው፤ ወደ መጨረሻው ደግሞ በአዳዲሶቹ ሞተር ሳይክሎች ላይ የገባውን፣ ነዳጅን በኤሌክትሪክ እየመጠነ የሚረጨውን ሥርዓት እናያለን። በቦክሰር ወይም በቲቪኤስ ሰውና ዕቃ እያመላለሳችሁ የምትተዳደሩ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ለጤና ወይም ለግብርና ሥራ የምትወጡ የምትወርዱ፣ በከተማ ውስጥ ምግብና ጥቅል የምታደርሱ ሁሉ እርሳስና ወረቀት ብታቀርቡ ጥሩ ነው። የሚጻፍ ነገር አለን።

ሞተር ሳይክል ጉልበት ሲያጣ ወይም መንገድ ላይ ሲጠፋ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚፈታው ካርቡራተሩ ነው። «ቆሽሿል፣ ይታጠብ» ይባላል። ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ይገጠማል፤ ለሁለት ቀን ይሻለውና ያው ችግር ይመለሳል። ባለንብረቱም ደግሞ ይከፍላል። ይህ የሚሆነው መካኒኩ ሙያ ስለሌለው ላይሆን ይችላል። ሞተሩ ሲያስቸግር እሱ አልነበረም። ጋራዡ በር ላይ ለአምስት ደቂቃ አስነሥቶ ይሰማዋል እንጂ አቀበቱ ላይ፣ ጭነት ተጭኖ፣ ከግማሽ ሰዓት ጉዞ በኋላ ምን እንደሚሆን አያይም። ያንን የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ «ምን ተበላሸ?» የሚለው አይደለም። «የሚያስቸግረው መቼ ነው?» የሚለው ነው። ጠዋት ሲነሣ ነው? በሚኒሞ ቆሞ ሳለ ነው? ነዳጅ ጥቂት ሲሰጡት ነው ወይስ እስከ መጨረሻው ሲከፍቱለት? ሞተሩ ሳይሞቅ ነው ወይስ ከጋለ በኋላ? ካርቡራተር ለእያንዳንዱ ሁኔታ የተለያየ ቀዳዳና መንገድ አለው። «መቼ» የሚለው ከታወቀ የትኛው መንገድ እንደተዘጋ ግማሽ በግማሽ ታውቋል።

እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ ልንገራችሁ። አየር ወደ ሞተሩ የሚገባበት ቱቦ ካርቡራተሩ መሐል ላይ ሲደርስ ይጠባል። አየሩ ጠባቡን ለማለፍ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል። ግፊቱ በቀነሰበት ቦታ ነዳጅ ከታች ካለው ትንሽ ጽዋ በቀዳዳ ተስቦ ይወጣና ከአየሩ ጋር ይቀላቀላል። ፍጥነትና ግፊት እንዲህ እንደሚያያዙ የስዊሱ ሊቅ ዳንኤል ቤርኑሊ እ.ኤ.አ. በ1738 በታተመ መጽሐፉ ጽፎታል፤ ጀርመናዊው ቪልሄልም ማይባኽ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1893 በዚሁ መንገድ ነዳጅ የሚረጭ ካርቡራተር ሠርቷል። ዛሬ በምትነዱት ላይ ያለው የዚያ ዘር ነው።

ከታች ባለው ጽዋ ውስጥ ተንሳፋፊ አለ። ቤታችሁ ውስጥ ሮቶ ካለ ውሃው ሲሞላ ኳሷ ከፍ ብላ ቧንቧውን እንደምትዘጋው፣ ይህችም ተንሳፋፊ ነዳጁ ልኩ ሲደርስ ትንሽ መርፌ ወደ ላይ ገፍታ መግቢያውን ትዘጋለች። ሲጎድል ትከፍታለች። ነዳጁ ተመጥኖ የሚያልፍባቸው የነሐስ ቀዳዳዎች ጂግለር ይባላሉ። አንዱ ትንሽ ነው፤ ለሚኒሞና ለመነሻ። ሌላው ትልቅ ነው፤ ለሙሉ ጉልበት። በሁለቱ መካከል ደግሞ ነዳጅ ስትሰጡ የአየሩን መንገድ ከምትከፍተው በር ጋር ከፍ እያለች የነዳጁን መንገድ የምታሰፋ ሾጣጣ መርፌ አለች።

የቤንዚንና የአየር ልክ በክብደት ሲታሰብ ለ1 ኪሎ ቤንዚን ወደ 14.7 ኪሎ አየር ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ተቃጥሎ እስኪያልቅ ወደ 11 ኪሎ አየር ይጠይቃል ማለት ነው። ነዳጁ ከዚህ ልክ ሲበዛ ሞተሩ ይታፈናል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ቤንዚን ይሸታል። ሲያንስ ደግሞ ይግላል፣ ይንገጫገጫል፣ ነዳጅ መስጫውን ስትለቁት ማርሚታው ይተኩሳል። ከሁለቱ የበለጠ የሚያሰጋው ማነሱ ነው። ነዳጅ የበዛበት ሞተር ኪስ ይጎዳል፤ ነዳጅ ያነሰው ሞተር ግን ፒስተን ሊያቀልጥ ይችላል።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። ካቻቢቴ ከማንሣታችሁ በፊት የሚታዩ ነገሮች አሉ፤ ብዙው ችግር የሚገኘውም እዚህ ነው።

መጀመሪያ የነዳጅ ታንከሩ ክዳን። ክዳኑ ላይ አየር የሚያስገባ ትንሽ ቀዳዳ አለ። ቤንዚኑ ሲወርድ ቦታውን አየር ካልተካው ታንከሩ ውስጥ ባዶ ግፊት ይፈጠርና ነዳጁ መውረድ ያቆማል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ሞተሩ በደንብ ይነሣል፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር በሰላም ይሄዳል፣ ከዚያ እየደከመ ይጠፋል። ቆማችሁ ትንሽ ስትጠብቁ ይነሣል፤ እንደገና ይጠፋል። እንዲህ ሲሆን ቆማችሁ ክዳኑን ክፈቱት። ፉት የሚል የአየር ድምፅ ከሰማችሁና ወዲያው ከተነሣ ችግሩ የክዳኑ ቀዳዳ ነው። አቧራና ጭቃ ደፍኖታል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ ካርቡራተሩ ሦስት አራት ጊዜ የታጠበበት ሞተር ሳይክል ብታገኙ አትገረሙ።

ቀጥሎ ነዳጁ እስከ ካርቡራተሩ መድረሱ። ከጽዋው በታች ማፍሰሻ ብሎን አለ። ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ፣ በአካባቢው እሳትም ሲጋራም ሳይኖር፣ ከሥሩ ንጹሕ ብልቃጥ አድርጋችሁ ብሎኑን አላሉት። ቤንዚኑ ሳያቋርጥ መፍሰስ አለበት። መጀመሪያ ፈስሶ ከዚያ ጠብ ጠብ ካለ ከላይ ያለው የነዳጅ ማጣሪያ፣ የነዳጁ መክፈቻ ወይም ክዳኑ ይመርመር። በብልቃጡ ውስጥ የወረደውንም ለአምስት ደቂቃ አስቀምጣችሁ ተመልከቱት። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታች ይዘቅጣል፤ በመካከላቸው መለያ መስመር ይታያል። ዝገትና አሸዋም ካለ እዚያው ታዩታላችሁ።

ስለ ቤንዚኑ ራሱ ትንሽ ልቆይ፤ ማደያ በሌለበት ወይም ሰልፉ በረዘመበት አካባቢ ብዙዎቻችሁ ቤንዚን በሃይላንድ ከመንገድ ዳር እንደምትገዙ አውቃለሁ። ምርጫ ስታጡ ነው የምታደርጉት። ቢያንስ ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ከመሙላታችሁ በፊት ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ታቹን እዩ። ሁለተኛ፣ ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣሉ። ንጹሕ ቤንዚን በጥቂት ደቂቃ ተንኖ ይጠፋል። ኬሮሲን ወይም ናፍጣ የተቀላቀለበት ከሆነ የቅባት ነጠብጣብ ይቀራል። እንዲህ ያለው ነዳጅ ሞተሩን ጠዋት ያስቸግረዋል፣ ካንዴላ ያጠቁራል፤ በካርቡራተር ማጠብም አይድንም። ቤንዚን በላስቲክ ጠርሙስ ቤት ውስጥ፣ ያውም ከሰል በሚነድበት አጠገብ ማስቀመጥን ግን እባካችሁ ተዉት። ልጆች ውሃ መስሏቸው ያነሡታል። እንፋሎቱም ወለል ወለሉን ሄዶ እሳት ጋ ይደርሳል።

ሦስተኛው የአየር ማጣሪያ ነው። በአቧራማ መንገድ የሚሄድ ሞተር ሳይክል ማጣሪያው ቶሎ ይደፈናል። አየር ሲያጥረው ነዳጁ ይበዛበታል፤ ጭስ ያመጣል፣ ነዳጅ ይበላል። ወረቀት ከሆነ ከውስጥ ወደ ውጭ በቀስታ አየር ይነፋበታል፤ በጣም ከጠቆረ ይቀየራል። ስፖንጅ ከሆነ በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ጥቂት ዘይት ነክቶ ተጨምቆ ይገባል። «እንዲተነፍስ» ብሎ ማጣሪያውን አውጥቶ መንዳት ግን የሞተሩን ዕድሜ በእጅ መቁረጥ ነው። የመንገዳችን አቧራ ወደ ሲሊንደሩ ገብቶ ፋሻውን ይፍቀዋል፤ የቤንዚንና የአየሩ ውህደትም ነዳጅ ያንሰዋል።

አራተኛው ካንዴላ ነው። ለእኔ ከመሣሪያ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ በሞተሩ ውስጥ የተቃጠለውን ሁሉ መዝግቦ ያወጣላችኋል። በሚኒሞ ከቆመ በኋላ አታንብቡት፤ ያታልላችኋል። ጥቂት ኪሎ ሜትር በተለመደው ፍጥነት ነድታችሁ፣ ፍሪሲዮን ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉና ዳር ቁሙ። ሲቀዘቅዝ ፍቱት። ጫፉ ደብዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ውህደቱ ደኅና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ነዳጅ በዝቶበታል። ነጭ ሆኖ ጫፉ የተቃጠለ ከመሰለ ነዳጅ አንሶታል፤ ሞተሩ እየጋለ ነው፤ ቶሎ ይታይ። እርጥብና ቅባታማ ጥቁር ከሆነ ደግሞ እየተቃጠለ ያለው የሞተር ዘይት ነው። ያኔ ችግሩ ፋሻ ወይም የቫልቭ ጎማ ነው፤ ካርቡራተሩን ተዉት።

(አጭር ሙዚቃ)

እነዚህ ሁሉ ደኅና ሆነው ችግሩ ከቀጠለ ወደ «መቼ» ጥያቄያችን እንመለስ። የምላችሁን በወረቀታችሁ ላይ ጻፉት። ነዳጅ መስጫው እጀታ ላይ ትንሽ ነጭ ፕላስተር ለጥፉ፤ ከዝግ እስከ ሙሉ ያለውን አራት ቦታ ከፍላችሁ በእስክሪብቶ አስምሩ። ከዚያ ነድታችሁ ችግሩ የሚመጣው በየትኛው መስመር ላይ እንደሆነ ያዙ። የሚወስነው የፍጥነት መለኪያው ወይም ማርሹ አይደለም፤ እጀታው የተከፈተበት መጠን ነው። ሁለተኛ ማርሽ ላይም አራተኛ ማርሽ ላይም እኩል ከከፈታችሁት የሚሠራው ያው አንድ መንገድ ነው።

ችግሩ ከዝግ እስከ መጀመሪያው መስመር ድረስ ከሆነ፣ ማለትም በሚኒሞ አልቆም ካለ፣ ቾክ ሳይሳብ ካልተነሣ፣ ከቆመበት ለመነሣት ሲል ካነቀው፣ ተጠርጣሪው ትንሹ ጂግለር ነው። ቀዳዳው ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያንሳል። ሞተር ሳይክሉ ለሳምንታት ሲቆም ጽዋው ውስጥ የቀረው ቤንዚን ይተንና የሚያጣብቅ ዝቃጭ ይተዋል፤ መጀመሪያ የሚደፈነው ይህ ቀዳዳ ነው። ሲጸዳ ለካርቡራተር በተሠራ ማጽጃና በኮምፕሬሰር አየር ነው። የብረት ሽቦ አታስገቡበት። ጂግለሩ ነሐስ ነው፤ ሽቦው ይፍቀውና ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ ከዚያ በኋላ ውህደቱ ልኩን አያገኝም። አየር ከመንፋታችሁ በፊት ተንሳፋፊውንና የጎማ ክፍሎቹን አውጡ፤ ማጽጃውም ጎማ ይበላል።

እዚሁ አካባቢ ብዙ የሚነካካ ብሎን አለ። ቦታውን ለዩ። ብሎኑ ወደ አየር ማጣሪያው በኩል ከሆነ አየር ይመጥናል፤ ሲላላ አየር ይጨምራል፣ ነዳጁ ያንሳል። ወደ ሞተሩ በኩል ከሆነ ግን ነዳጅ ይመጥናል፤ ሲላላ ነዳጅ ይጨምራል። ይህን ሳይለዩ ማዞር ችግሩን እጥፍ ያደርገዋል። ከመፍታታችሁ በፊት በቀስታ ወደ ውስጥ እየጠበቃችሁ ስንት ዙር እንደገባ ቁጠሩና ጻፉ፤ ሲነካ አቁሙ፣ አታስጨንቁት፤ ጫፉ ቀጭን ነው። በብዙ ትናንሽ ሞተር ሳይክሎች ላይ ልኩ ከተዘጋበት ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ተኩል ዙር ባለው ውስጥ ይወድቃል። ማስተካከያው ሞተሩ በደንብ ሞቆ ነው የሚደረገው፤ ብሎኑን ሩብ ሩብ ዙር እያላችሁ ሞተሩ ይበልጥ ፈጥኖና ለስልሶ የሚዞርበትን ቦታ ፈልጉ፤ ከዚያ ሚኒሞውን በራሱ ብሎን ዝቅ አድርጉ።

ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው መስመር ባለው መካከል ከሆነ የሾጣጣዋ መርፌ ግዛት ነው። አብዛኛው የዕለት ጉዟችሁ እዚህ ውስጥ ስለሆነ ነዳጅ በላብኝ የሚል ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት እሷን ነው። መርፌዋና የምትገባበት ቱቦ ለዓመታት ሲፋተጉ ይሰፋሉ፤ ነዳጅ በዝቶ ያልፋል፤ ይህ ድካም ነው፣ በማጠብ አይመለስም፣ በመቀየር ነው። መርፌዋ አናት ላይ በርካታ ጎድጓዶችና አንዲት ትንሽ ቀለበት ካሉባት ቀለበቷን ወደ ታችኛው ጎድጓድ ስታወርዱ መርፌዋ ከፍ ትላለች፣ ነዳጅ ይጨምራል። ወደ ላይኛው ስታወጡ ይቀንሳል።

ከሦስተኛው መስመር በላይ ከሆነ ትልቁ ጂግለር ነው። ግን አንድ ልዩነት አስተውሉ። እጀታውን እንደከፈታችሁ ወዲያው ከደከመ ጂግለሩ ነው። መጀመሪያ ጎትቶ ከጥቂት መቶ ሜትር በኋላ ከደከመ ግን ጽዋው ከሚሞላበት ይልቅ ፈጥኖ እየጎደለ ነው፤ ወደ ነዳጁ ማጣሪያ፣ ወደ መክፈቻውና ወደ ክዳኑ ቀዳዳ ተመለሱ።

ነዳጅ በዝቶ ነው ወይስ አንሶ የሚለውን ለመለየት የምወደው ሙከራ በቾክ ነው። ችግሩ ባለበት ሁኔታ ላይ ቾኩን ለጥቂት ጊዜ ሳቡት። ከተሻለው ነዳጅ አንሶት ነበር። ከባሰበት በዝቶበት ነበር። ለመካኒካችሁ «በግማሽ ነዳጅ ላይ ያንቀዋል፣ ቾክ ስስብ ይሻለዋል» ብትሉት የግማሽ ቀን ሥራ ቀንሳችሁለታል።

አንድ ሌላ በሽታ አለ፤ ሚኒሞው ያለ ምክንያት ከፍ ዝቅ ይላል፣ ነዳጅ መስጫውን ስትለቁትም ሞተሩ ቶሎ አይወርድም። ይህ ብዙ ጊዜ ከካርቡራተሩ በኋላ የሚገባ የሌብነት አየር ነው፤ በካርቡራተሩና በቴስታታው መካከል ያለው ጎማ ተሰንጥቋል ወይም ጓርኒሲዮኑ ላልቷል። ሞተሩ በሚኒሞ ሳለ በመገጣጠሚያው ዙሪያ ጥቂት የሳሙና ውሃ ርጩበት። ድምፁ ከተለወጠ ቀዳዳው እዚያ ነው። በቤንዚን የሚሞክሩ አሉ፤ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን መርጨት እሳት መጥራት ነውና አታድርጉት።

አሁን ወደ አገራችን መልክዓ ምድር እንምጣ። የከፍታ ነገር በመመሪያ መጽሐፎች ውስጥ በአንድ መስመር ይታለፋል፤ ለእኛ ግን ዋና ነገር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ አንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። ካርቡራተር አየርን በክብደት አይመዝንም፤ የሚያየው የሚያልፈውን አየር ፍጥነት ነው። አየሩ ሲሳሳ ነዳጁን በዚያው መጠን አይቀንሰውም። ስለዚህ ለባሕር ዳርቻ ከፍታ የተመጠነ ካርቡራተር አዲስ አበባ ላይ ከ10 በመቶ በላይ ነዳጅ ይበዛበታል። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። በደጋ የምትነዱ ሰዎች ካንዴላችሁ ሁልጊዜ ጥቁር ከሆነና ሌላው ሁሉ ደኅና ከሆነ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል፤ መፍትሔው አንድ ደረጃ ያነሰ ትልቅ ጂግለር ወይም መርፌዋን አንድ ጎድጓድ ማውረድ፣ ማለትም ቀለበቷን ወደ ላይኛው ማውጣት፣ ነው።

ተቃራኒውን ግን በብርቱ አስጠነቅቃችኋለሁ። ለደጋ የተመጠነ ሞተር ሳይክል ይዞ ወደ ጋምቤላ ወይም ወደ ሰመራ የሚወርድ ሰው አለ። ሁለቱም ወደ 500 ሜትርና ከዚያም በታች ያሉ፣ ሙቀታቸውም የበረታ ቦታዎች ናቸው። እዚያ አየሩ ይወፍራል፤ ደጋ ላይ ልክ የነበረው ነዳጅ ያንሳል፤ ሞተሩ በሙቀት ላይ ሙቀት ይጨምራል። ለሥራ ተዛውራችሁ እዚያ የምትከርሙ ከሆነ ጂግለሩን ወደ ፋብሪካው ልክ መልሱት፤ ካንዴላውንም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደጋግማችሁ እዩ።

ዓባይ በረሃን አስቡት። ከጎሐ ጽዮን ስትነሡ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናችሁ። ድልድዩ ጋ ስትደርሱ ከ1,000 ሜትር ብዙም አትርቁም። ከዚያ ወደ ደጀን እንደገና ያንን ሁሉ ትወጣላችሁ። በአንድ ጉዞ ውስጥ ሞተራችሁ ሁለት የተለያየ አየር ተንፍሷል። እንዲህ ላለው መተላለፍ ካርቡራተር አይነካም። ታች ላይ እጀታውን ጨርሳችሁ ለረጅም ጊዜ አትክፈቱት፤ ወደ ደጀን ስትወጡ ደግሞ ከፍተኛ ማርሽ ይዛችሁ ሞተሩን አታስጨንቁት። በየ100 ሜትሩ ከፍታ የሞተሩ ጉልበት በግምት 1 በመቶ ይቀንሳል። ይህ የአየሩ መሳሳት ነው፤ በየትኛውም ጂግለር አይመለስም። ሞተሩ ታሟል ብላችሁ ደጀን ላይ ካርቡራተር አታስፈቱ።

ካርቡራተሩ ከታች ነዳጅ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ለነገ አትተዉት። ተንሳፋፊዋ የምትገፋው መርፌ ላይ ቆሻሻ ተቀምጧል ወይም ጫፏ አልቋል። መክፈቻውን ዝጉ፤ ጽዋውን በካቻቢቴው እጀታ ቀስ አድርጋችሁ ብትመቱት አንዳንድ ጊዜ ቆሻሻው ይለቃል። ነገር ግን ከዚህ የሚከፋ ስውር ጉዳት አለ። ሌሊቱን ሲያንጠባጥብ ያደረው ነዳጅ ወደ ሲሊንደር ገብቶ፣ በፋሻው አልፎ፣ ከሞተር ዘይቱ ጋር ሊቀላቀል ይችላል። ዘይቱን መለኪያ አውጥታችሁ ሽተቱት። ከፍ ካለና ቤንዚን ከሸተተ ሞተሩን አታስነሡ። በቀጠነ ዘይት የዞረ ሞተር ኩሽኔታውንና ሲሊንደሩን ይበላል። ዘይቱ ይቀየር፣ መርፌዋ ትጠገን፣ ከዚያ ይነሣ። ማታ ማታ የነዳጁን መክፈቻ የመዝጋት ልማድ ያላችሁ ሰዎች ከዚህ ሁሉ ትድናላችሁ።

የካርቡራተርን በሽታ የሚመስሉ ሌሎችም አሉ። ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነት ካልጨመረ ፍሪሲዮን እየተንሸራተተ ነው። ከጋለ በኋላ ድንገት ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ የሚነሣ ከሆነ እሳት የሚሰጠው ኮይል ይታይ። ጠዋት የሚነሣ፣ ከጋለ በኋላ ግን በእግር ሲመታ የሚያስቸግር ከሆነ የቫልቭ ክፍተት ጠብቦ ሊሆን ይችላል።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ አዲሶቹ እንሂድ። ሕንድ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 1 ቀን 2020 ጀምሮ በአገሯ ለሚሸጡ ተሽከርካሪዎች ጥብቅ የጭስ ደንብ ስታወጣ የሕንድ ፋብሪካዎች ለገበያቸው የሚያመርቷቸውን ሞተር ሳይክሎች በብዛት ወደ መርጫ ሥርዓት ቀየሩ። በዚህ ሥርዓት ታንከሩ ውስጥ ያለ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነዳጁን ይገፋል፤ በብዙዎቹ ላይ ግፊቱ ወደ 3 ባር ነው። አንድ ትንሽ ኮምፒውተር የአየሩን ግፊትና ሙቀት፣ የሞተሩን ሙቀት፣ የእጀታውን አከፋፈት እያነበበ መርጫው ለስንት ሺኛ ሰከንድ እንደሚከፈት ይወስናል። ዓባይ በረሃ ሲወርድም ሲወጣም ልኩን ራሱ ያስተካክላል። ጉልበት መቀነሱ አይቀርለትም፤ ነዳጁ ግን አይበዛበትም።

እዚህ ምርመራው በጆሮና በዓይን ይጀምራል። ቁልፉን ስትከፍቱ፣ ሞተሩን ሳታስነሡ፣ አዳምጡ። ፓምፑ ለሁለት ሦስት ሰከንድ እዝዝ ብሎ ዝም ማለት አለበት። ምንም ካልሰማችሁ ማጥፊያውን ቁልፍ፣ ፊውዙንና ባትሪውን እዩ። ሞተር ሳይክሉ ወድቆ ከነበረ መውደቁን የሚያውቅ መሣሪያ ነዳጁን ዘግቶት ሊሆን ስለሚችል ቁልፉን ዘግታችሁ እንደገና ክፈቱ። መርጫ ያለው ሞተር ባትሪው ከደከመ ብዙ ጊዜ ገፍቶ ማስነሣትም አይሆንለትም፤ ፓምፑና ኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ ይፈልጋሉ።

ቀጥሎ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የሞተር ምስል ያላት መብራት። ቁልፍ ሲከፈት በርታ፣ ቢዘገይ ሞተሩ ሲነሣ መጥፋት አለባት። ካልጠፋች ችግር አለ፤ ብልጭ ድርግም ካለች ደግሞ ቁጥር እየነገረቻችሁ ነው። በሆንዳ ሞተር ሳይክሎች ረጅሙ ብልጭታ አሥር፣ አጭሩ አንድ ነው፤ አንድ ረጅምና ሁለት አጭር 12 ይሆናል፣ የመርጫው መስመር ማለት ነው። ሰባት አጭር ብልጭታ የሞተር ሙቀት መለኪያው፣ ስምንት የእጀታ አከፋፈት መለኪያው ናቸው። የሌሎች ፋብሪካዎች ቁጥር ስለሚለይ የራሳችሁን መመሪያ መጽሐፍ እዩ። ቁጥሩ የሚያሳየው የትኛው መስመር እንደታወከ ነው። ክፍሉን ከመግዛታችሁ በፊት ሽቦውንና መሰኪያውን እዩ፤ ዝገትና ጭቃ የገባበት መሰኪያ ውድ ዕቃ ያስገዛል። ስትነቅሉም ቁልፉ ተዘግቶ ይሁን። በከፍተኛ ግፊት ውሃ ሞተሩን የምታሳጥቡ ከሆነ መሰኪያዎቹን እንዲሸሹላችሁ ንገሯቸው።

የነዳጁን ቱቦ ግን ራሳችሁ አትፍቱ። ግፊት አለበት፤ በዓይናችሁና በጋለው ማርሚታ ላይ ይረጫል። ታንከሩንም እስከ ታቹ እያስጨረሳችሁ አትንዱ፤ ፓምፑ የሚቀዘቅዘው በዙሪያው ባለው ቤንዚን ነው፣ የታች ዝቃጩንም ይስባል።

በመጨረሻ፣ ሞተር ሳይክላችሁ ከአንድ ወር በላይ የሚቆም ከሆነ፣ ካርቡራተር ያለው ከሆነ፣ የነዳጁን መክፈቻ ዝጉና ከጽዋው በታች ያለውን ብሎን አላልታችሁ ያለውን ቤንዚን አፍስሱ። ባዶ ጽዋ ዝቃጭ አይሠራም። መርጫ ያለው ከሆነ ታንከሩን ሞልታችሁ አስቀምጡት፤ የባትሪውንም ገመድ አንሡ።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ዛሬ በስም ብቻ ያነሣነውን የቫልቭ ክፍተት እንዴት በቤት መለካት እንደሚቻል እናያለን።

(መዝጊያ ሙዚቃ)